የበረኛው አርባ

ባለፈው ጥር ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ሞጣ ሄጄ ነበር። የልጅቷ አባት ኩርፊያ ብጤ ስለነበረባቸው ጉዳዩ ለማግስቱ ተቀጠረና፣ ቀኑን የምገፋበት ሳጣ ወደ ገበያው ወረድሁ። ከባጃጅ ጡሩምባና "ሁሉም በሃምሳ ብር" እያለ ከሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ለማምለጥ ወደ አንዲት ቀጭን መንገድ እንደታጠፍሁ ነው ሽታው የመጣብኝ። በሞራ የታሸ ቆዳ ሽታ ነው። እግሬ ቀጥ አለ። አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ኮርቻ ጭኑ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ሞራ ያሸዋል። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ የገበያ ሽታ ነው፤ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔን ግን ያስፈራኛል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ያስፈራኛል። ስለ ሞጣዋ ኳስ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ስንት ጊዜ እንዳወራሁ እግዜር ይቁጠረው፤ ስለ ሽታው ግን ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ቢቸና አንድ ዋና መንገድ፣ ሁለት ሻይ ቤትና ብዙ ደብር ነበራት። አምስት ሳንቲም የያዘ ሰው ሻይ ይጠጣል፤ አሥር ሳንቲም የያዘ ዳቦ ይጨምርበታል፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ደግሞ ሌላውን ጋብዞ ሳምንቱን ሙሉ ሲመሰገን ይሰነብታል። ጎረምሳው ሁሉ ካኪ ቁምጣ ለባሽ ነው፤ ቁምጣው ከኋላ ሲሳሳ እናት ከፊት ኪሱ ቆርጣ ትጥፈዋለች። ሸራ ጫማ ሦስት ብር ነበር፣ ሦስት ብር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ወንድማማች አንድ ጥንድ ይገዛና፣ ግራኙ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን አድርገው ይጫወቱ ነበር። ሜዳችን ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከቆዳ መጋዘኑ ፊት ለፊት ነው። ጎሉ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን በላዩ የጭነት ገመድ ተወጥሮበታል። ገመዱ በገበያ ቀን ለአህያ ስለሚፈለግ በገበያ ቀን ግጥሚያ አይደረግም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ፋርማሲ አለው። መድኃኒት ልገዛ በገባሁ ቁጥር የቆምሁት ከግራው ግንድ አጠገብ መሆኑን እግሬ ያውቃል፤ ወረፋ ስጠብቅ ሳይታወቀኝ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ እገባለሁ። የምትሸጠው ልጅ "አባባ፣ መስመሩን ይጠብቁ እንጂ!" ትለኛለች።

የቡድኑ ባለቤት አቶ ፈንቴ የሚባሉ ቆዳና ሌጦ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ አሥራ አንድ ቀይ ማልያና አንድ ባለ ክር ኳስ ይዘው መጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቡድኑ ሲናገሩ "ልጆቼ" ሳይሆን "ማልያዎቼ" ነበር የሚሉት። ከተጫዋቾቹ ስድስቱ የመጋዘናቸው ሠራተኞች ናቸው። ሰው ሲቀጥሩ መጀመሪያ ኳስ ያስመቱታል ይባል ነበር፤ ውሸት አይመስለኝም። ነገር ግን ቡድን በማልያ ብቻ አይኖርም። የመኪና ኪራይ አለ፣ እንግዳ ሲመጣ ሙክት አለ፣ የኳሱ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ ሲፈነዳ ማስለጠፊያ አለ። እሳቸው ለብቻቸው መሸከሙ ሲሰለቻቸው የከተማው ሰው ይግባበት ተባለ። የከተማው ሰው ደግሞ አንድ ላይ ገንዘብ የሚያወጣበትን መንገድ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ማኅበር። ስለዚህ እንደ ጽዋ ማኅበር ተደረገ። በወር ሃያ አምስት ሳንቲም ይዋጣል፣ ተራ የደረሰው ሰው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ የቀረ ይቀጣል። ሰብሳቢው እንደማንኛውም ማኅበር "ሙሴ" ተባሉ፤ እሳቸውም ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁት መሪጌታ ነበሩ። ደንቡንም የጻፉት መሪጌታ ናቸው። የጻፉት ከማለት የገለበጡት ማለት ይሻላል። የደብሩን የማኅበር ደንብ ከፊታቸው ዘርግተው "ጽዋ" የሚለውን ሁሉ "ማልያ" እያሉ ጨረሱት። "አባል ቢሞት ማልያው ከቤቱ አይወጣም፤ ቦታውም እስከ አርባው አይያዝም። ከአርባው በኋላ ወገኑ ይረከበው፤ ወገኑ ባይችል ለፈቀደው ይስጥ።" ይህ ሲነበብ ሁላችንም አጨበጨብን። አብዛኞቻችን ሃያ ዓመት አልሞላንም፤ ኳስ ተጫዋች ይሞታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በረኛችን ጋሻው ነበር። ከአቶ ፈንቴ ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ባልቴት ነበሩ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከግጥሚያ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ጋሻው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ኳሷን ጭኑ ላይ አድርጎ በበግ ሞራ ያሻታል። በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ በአውራ ጣቱ እያስገባ፣ እንደ ሕፃን ገላ። በዝናብ ቀን የሌሎች ከተሞች ኳስ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሲያክል የእኛዋ ቀላል የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እጁም ስለዚህ ሁልጊዜ ሞራ ሞራ ይላል፤ ሴት ልጅ እሺ የማትለኝ በዚህ ነው ይል ነበር። አንድ አዝማሪ የገጠመለትን ግጥም የቢቸና ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦

ጋሻው ቆሞ ሳለ ከሁለት ግንድ መሐል፣
እንኳንስ የሰው ኳስ ንፋስስ መች ያልፋል።

እኔ የታናናሾቹ ቡድን በረኛ ነበርሁ። የስፖርት አስተማሪያችን ሠላሳ የምንሆን ልጆችን በየማለዳው ያሠለጥነን ነበር፤ የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነው። አስተማሪው ለታናናሾቹ አንድ ኳስ ይገዛ ብሎ ማኅበሩን በለመነ ቁጥር አቶ ፈንቴ "ጥጃው እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? የምትታለብ ላም ከገበያ ይገዛል" ይላሉ። ጋሻው ግን ሥራ ሲያበቃ ይመጣና ከጎሌ ጀርባ ይቆማል። "ይስማው፣ ከግራው ግንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ" ይለኛል። "ሰው ሁሉ ወደ ግራህ ይመታል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይመታል። ሁለት እርምጃ።" ቆሜ ሳልስተካከል ትከሻዬን ይዞ ያስተካክለኛል፤ ማታ ሸሚዜን ስታጥብ እናቴ "ይህ የምን ሞራ ነው?" ትላለች። ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ ደግሞ እሱ እዚያ ቆሞ ሳለ ዕድሜ ልኬን ከታናናሾቹ ቡድን እንደማልወጣ ገባኝ። አንድ ቀን ከምንጭ ውሃ ስንቀዳ ለጓደኛዬ "ይህ ሰውዬ ምነው አንዴ ቢታመም" አልሁት። ብቻ እንዲህ ነው ያልሁት። ጓደኛዬም ሳቀ።

በወሩ አቶ ፈንቴ ጋሻውን ሌጦ እንዲገዛ ወደ ዓባይ በረሃ ላኩት። ንዳድ ይዞት ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን ሞተ። ከቀብሩ ስመለስ አንድም ሰው ዓይን ውስጥ ማየት አልቻልሁም፤ ያ የምንጩ ጓደኛዬ ቢያየኝ እንደሚያውቅብኝ ነው የታየኝ። እንቅልፌን አጣሁ፣ እህል አልወርድልህ አለኝ። እናቴ ሐዘን ነው ብላ ታባብለኛለች። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ገደልሁት ብዬ አምኜ ነበር።

ከሞጣ ጋር የተያዘው ግጥሚያ የዋለው ጋሻው በሞተ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ላይ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ተከራይቶ፣ ሞጣዎችም ሙክት ገዝተዋል፤ አይሰረዝም። ማኅበሩ ተሰበሰበ። እኔ ከታናናሾቹ ጋር መስኮት ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

"ከደብረ ማርቆስ አንድ ወታደር አነጋግሬያለሁ" አሉ አቶ ፈንቴ። "የጦሩ በረኛ ነው። አሥራ አምስት ብር ይወስዳል። እማማ ጥሩነሽ ማልያውን ይመልሱልኝ።"

"አርባው አልወጣም" አሉ መሪጌታ። "ደንቡ ቦታው አይያዝም ይላል።"

"መሪጌታ፣ የበረኛ ቦታ እኮ ነው! ጎሉን ክፍት አድርገን ልንገጥም ነው?"

"እኔ ምን ላድርግ ጌታዬ? ፈርመውበታል።"

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል!" አሉ አቶ ፈንቴ ብድግ ብለው። "ማልያውን ገዛሁ፣ ኳሱን ገዛሁ፣ ለስድስቱ እንጀራ ሰጠሁ። ጨርቁ የኔ ነው።"

"ጨርቁ የርስዎ ነው፤ ቦታው ግን የማኅበሩ ነው" አሉ መሪጌታ።

እማማ ጥሩነሽ ከበሩ አጠገብ ጥቁራቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ማልያው በነጠላቸው ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነው። ቀስ ብለው ተናገሩ። "ያለበት ላብ የልጄ ነው፤ ገና አላጠብሁትም። አርባው ሲወጣ ለሚገባው እሰጣለሁ።"

 አስተማሪው እንደምንም ብሎ "ይስማው አለ እኮ፤ ጋሻው ራሱ ያስተማረው ልጅ ነው" ቢል አቶ ፈንቴ አላስጨረሱትም። "ጥጃ!" አሉት። በመጨረሻ አንድ ብልሃት ተገኘ፤ ጎጃሜ ደንብ ካወጣ በኋላ የሚያልፍበትን ቀዳዳም እሱው ያውቃል። ወታደሩ አባል ስላልሆነ ቦታውን ያዘው አይባልም፣ ማልያም አይለብስም፤ በካኪ ሸሚዙ ይቆማል ተባለ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩም። አቶ ፈንቴም ሲወጡ አንድ ነገር ጣሉ። "ሞጣ ካሸነፈን ማልያዎቼን ገፍፌ እወስዳለሁ። የልጆቹም ልምምድ ያበቃል፤ ሜዳው የቆዳ ማስጫ ይሆናል።" ሠላሳችንም በመስኮቱ ሥር ሰማን።

ወደ ሞጣ የሄድነው ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። ከሳምንት በኋላ ቢሆን መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ እንቀር ነበር። ትሬንታ ኳትሮው ዳገት ላይ ሲያቃስት ወርደን እንገፋለን፤ ተጫዋቹ፣ ታናናሹ፣ መሪጌታም ጭምር ቀሚሳቸውን ሰብስበው። እማማ ጥሩነሽ ካልሄድሁ ብለው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኳሷን መሪጌታ ታቅፈዋታል። ሞራ የቀባት አልነበረም፤ ጋሻው ከሞተ ወዲህ ያንን ሥራ ደፍሮ የነካው የለም። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሞጣ ስንደርስ ያካፋ ነበር። የሞጣ ልጆች ኳሳቸው ባለፈው ሳምንት ፈንድቶባቸው ስለነበር የምንጫወተው በዚያችው በእኛዋ ነው። ለሁለቱ ከተሞች ያለችው አንዲት ኳስ እሷ ነበረች።

ወታደሩ ቁመናው የሚያስደስት ሰው ነበር። ጢሙን አሳምሮ፣ ከስክስ ጫማውን አጥብቆ ጎል ውስጥ ገባ። እኔ ከግራው ግንድ ጀርባ፣ ከእማማ ጥሩነሽ አጠገብ ቆሜያለሁ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰውዬው ወደ ግራው መዞር አበዛ። ይዞርና ያያል፣ ይመለሳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ጨዋታው ሌላኛው ጫፍ ላይ ሆኖ እንኳ ትከሻውን እንደሚገፉት ሰው ያደርገዋል። ኳስ መጣች፤ እሱ ወደ ግራው እያየ ነበርና በቀኙ አልፋ ገባች። ሞጣ አንድ፣ ቢቸና ባዶ። ለዕረፍት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ አቶ ፈንቴ ሄደ። ከካኪው ደረት ኪስ ገንዘቡን አውጥቶ በእጃቸው ላይ አስቀመጠ።

"ምነው? አነሰህ?" አሉት አቶ ፈንቴ በመገረም።

"አላነሰኝም ጌታዬ። ሰው በቆመበት ቦታ ነው ያቆሙኝ" አለ። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም። ከዚያ የወታደር ካፖርቱን በትከሻው አድርጎ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። እኔ በሕይወቴ ወታደር ገንዘብ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ፈንቴ አገጫቸውን ይዘው ቀሩ። መሪጌታ "እንግዲህ ደንቡ ይፈጸም" አሉ። ሁለተኛውን ግማሽ አሥር ሆነን፣ ጎላችን ባዶውን ሆኖ ጀመርን። የሞጣ ሕዝብ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ከማል የሚባለው አጥቂያቸው፣ ቀጭን፣ እግሩ መብረቅ የሆነ የነጋዴ ልጅ፣ ብቻውን ከባዶው ጎል ፊት ደረሰና መታ። በግንዱ አጠገብ ወጣች። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛ መታ፤ በላይ ሄደች። ሦስተኛዋን ሌላው መታ፤ ጭቃ ውስጥ ገብታ መስመሩ አፋፍ ላይ ቆመች። በአምስተኛዋ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ስታማትብ አየሁ። አንድ የሞጣ ሼክ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሕፃን ልጃቸውን ከመስመሩ ራቅ አደረጉት። የእኛ ልጆች ወደ ኋላ መመልከት ትተው ፊት ለፊት ብቻ ይሮጣሉ፤ በዚያው አንድ አገቡ። አንድ ለአንድ። ማንም እልል አላለም። ከዚያ ከሜዳው ማዶ ካለው ገደል በኩል ጉም መውረድ ጀመረ።

"ይስማው፣ ና" አሉኝ እማማ ጥሩነሽ። ነጠላቸውን ፈተው ማልያውን ዘርግተዋል። "አንሣ እጅህን።"

"እማማ፣ አርባው ሁለት ቀን ይቀረዋል።"

"ለሁለት ቀን ልጄ አይቆጣኝም። ወገኑ ባይችል ለፈቀደው ይስጥ አይደል የሚለው? እኔ ኳስ መያዝ አልችልም።"

 እዚያው ጭቃ ላይ ተንበረከክሁ። "እማማ፣ እኔ አልችልም። ቦታውን ተመኝቼበት ነበር። ምነው አንዴ ቢታመም ብያለሁ። እኔ ነኝ…"

እማማ ጥሩነሽ ፊታቸው አልተለወጠም። ማልያውን በአንገቴ አጥልቀው፣ እጅጌውን እንደ ሕፃን ልጅ እጅ እየፈለጉ አስገቡልኝ። "አውቃለሁ" አሉ። "ጓደኛህ ነግሮት ኖሮ ሆዱን እስኪያመው ስቆ ነገረኝ። 'እማዬ፣ ይህ ልጅ እውነተኛ በረኛ ነው፤ ገና ከአሁኑ ቀንቶብኛል' አለኝ። በል ተነሥ።"

ተነሣሁ። ማልያው ረጅም ነበር፤ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። ከግራው ግንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ቆጥሬ ቆምሁ። ጉሙ መጀመሪያ የሞጣን ጎል ዋጠው፤ ከዚያ መሐል ሜዳውን፤ ከዚያ የእኛን ተከላካዮች ቀይ ጀርባ። በመጨረሻ የራሴን ግንድ ማየት አቃተኝ። ድምፅም ጠፋ። የሚሮጥ እግር፣ የሚጠራ ሰው፣ የሕዝብ ጫጫታ የለም፤ ያለው የራሴ ትንፋሽና ከገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ግራ ትከሻዬ ይሞቀኝ ጀመር። ቀኜ ቀዝቅዞ እየተንቀጠቀጠ ግራዬ ብቻ፣ ሰው ተጠግቶኝ እንደቆመ ያህል ሞቀኝ። አልዞርሁም። ብዞር ኖሮ እንደ ወታደሩ እሄድ ነበር።

ያኔ መጣች። የመታት እግር ድምፅ አልሰማሁም። ከጉሙ ወጥታ በደረቴ ትክክል፣ በግራ በኩል መጣች፤ ፈጣን አልነበረችም፤ ሰው ለሰው እንደሚወረውራት ነበረች። አቀፍኋት። ቀላል ነበረች። ያን ሁሉ ዝናብ የጠጣች፣ ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ የወደቀች ኳስ እጄ ላይ ደረቅ ሆነችብኝ፤ ሞራ ሞራም ትላለች። አዲስ የተቀባ ሞራ፣ በየስፌቱ ውስጥ። ፊቴን ቀብሬባት ቀረሁ። ከሩቅ ፊሽካ ተነፋ።

እማማ ጥሩነሽ ከጀርባዬ መጡ። ኳሷን ከእግሬ ሥር አኑሬ ሁለት እጆቼን ሰጠኋቸው። እጆቼን ወደ አፍንጫቸው ወስደው ለረጅም ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ልክ ጽዋ ለተረከበ ሰው እንደሚባለው "ተረክበሃል" አሉኝ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልወጣ ብሎኝ የነበረው እንባ ሁሉ መጣ፤ እሳቸውን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ቀና ስል ኳሷ ከእግሬ ሥር የለችም። ልጆች ወስደዋት ይሆናል አልሁ። በመኪናው ላይ መሪጌታ ታቅፈዋት አየሁ፤ ተቀብዬ ብይዛት ከብዳ ክንዴን ጣለችው። አሸተትኋት። ጭቃ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ተሸንፈን አልተመለስንም። አቶ ፈንቴ ማልያ አልገፈፉም፤ እንዲያውም በመስከረም ለታናናሾቹ አንድ ኳስ ገዙ፤ ሲሰጡንም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። እኔ ዘመኑ እስኪለዋወጥና ቡድኑ እስኪበተን ድረስ በዚያ ማልያ ቆምሁ። እስኪበተንም ድረስ ኳሷን ሞራ የምቀባው እኔ ነበርሁ። "የሞጣዋ ኳስ" ደግሞ ስም ሆነች። በጉም ውስጥ የከማልን ምት የያዘው ልጅ! ጉም ስለነበር ያየ አልነበረም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ያየ ሰው ይጨመር ነበር። መሪጌታ ሳይቀሩ ኳሷ ስታፏጭ ሰማሁ ይሉ ነበር። እኔም አልካድሁ።

እንግዲህ በዚያ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ኮርቻ ሠሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጨርቁን አስቀመጠ።

"የቢቸናው በረኛ" አለ።

በጢሙ አላወቅሁትም፤ በዓይኑ አወቅሁት። ከማል ነው። ዛሬ ሐጂ ከማል ናቸው፤ እኔ ግን አንተ አልሁት፣ እሱም አንተ አለኝ። ተቃቀፍን፣ በርጩማ ሰጠኝ፣ ስለ ልጅ ልጆቻችን ተጠያየቅን። ሲበቃን እሱው አነሣው።

"አንድ ነገር ልንገርህ፤ ጃጅተናል፣ አይያዝብኝ። ያኔ ባዶው ጎል ላይ አምስቴ የሳትነው ሳናውቅ አይደለም። ለዕረፍት ስንወጣ እኒያ እናት ማልያውን አቅፈው አየን። ዐሥራ አንዳችንም ተማማልን፤ በሰው ሐዘን ላይ ጎል አይገባም ብለን። ሆን ብለን ነው ወደ ውጭ የመታነው። አባቴ ማታ ዱላ አነሣብኝ።"

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ደረቴ ቀለለኝ። ሃምሳ ዓመት የተሸከምሁት ነገር የሰው ደግነት ሆኖ ተገኘ። "እኔ ስገባ ግን መሐላችሁን አፈረሳችሁ" አልሁት እየቀለድሁ። "የመጨረሻዋን ወደ ግራዬ መታህብኝ።"

"የቷን?"

"በጉሙ ውስጥ የመጣችዋን። የያዝኋትን።"

ከማል ሲስቅ የነበረው ፊቱ ቀስ ብሎ ተከደነ። "ይስማው፣ ጉሙ ሲወርድ ዳኛው በእጁ አስቆመን። ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ከእግሬ ሥር ረግጬ፣ ጉሙ እስኪገለጥ እጠብቅ ነበር። አልገለጥ ሲል ፊሽካውን ነፋ። ኳሷን አንሥቼ ለሙሴያችሁ ያስረከብሁ እኔ ነኝ። አንተ ምቴን ያዝህ የሚለውን ወሬ ስሰማ የቢቸና ልጆች ውሸት ይችላሉ ብዬ ሳቅሁ። አንተ ከገባህ በኋላ የተመታ ኳስ የለም።"

 መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። ስነሣ ከማል እጄን ሊጨብጥ ብድግ አለ፤ መዳፉ በሞራ የራሰ ነበርና "ቆይ ልጥረገው" አለ። "ተወው" አልሁትና ከነሞራው ጨበጥሁት። በማግስቱ ሽምግልናው ተሳካ፤ ልጅቷን ሰጡን። ማዕድ ሲቀርብ እጅ ማስታጠቢያ ይዘው ሲመጡ አልራበኝም ብዬ ተቀመጥሁ። እጄን ሳልታጠብ ቢቸና ገባሁ።